ፋብሪካው ሠራተኛ ሲፈልግ ልጃችን በየትኛው በር ይገባል?



እኛ ነርስነትን እዚሁ አገር ተምረን እዚሁ ኢየሩሳሌም የምንሠራ የማኅበረሰብ ነርሶች ነን። የዕለት ሥራችን የደም ግፊትና ስኳር መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ማስረዳት ነው። ዛሬ በዚህ የሥራና የሸማቾች ገጽ ላይ ስለ ኔቶ፣ ስለ ሚሳይልና ስለ መከላከያ ፋብሪካ ልንጽፍ ስንነሳ «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባችን አንዲት ፋሻ ናት።

ክሊኒካችን ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙም አይርቅም። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ጉልላት የሚያውቅ ሰው ሰፈሩን ያውቀዋል። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት የእግራቸውን ቁስል ልናጥብላቸው ቀጠሮ ነበራቸው፤ የልጅ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ልጁ ከጻሃል ከተሰናበተ ገና ሦስት ወሩ ነው። በውጊያ ክፍል ውስጥ ሖቬሽ፣ ማለትም የቆሰሉትን የሚያክም ወታደር ነበር። የአያቱን ፋሻ ስንፈታ ቀረብ ብሎ ይመለከት ጀመር። «እማማ፣ እኛ ጋ የነበረው ከዚህ ይለያል» አላቸውና ከቦርሳው አንዲት የታሸገች ጥቅል አውጥቶ አሳያቸው። «ይቺን በአንድ እጅ እንኳ ማሰር ይቻላል።»

እማማ ጥቅሏን አገላብጠው አዩዋትና «ስንት ሰው አሰርክባት ልጄ?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኛም ወሬውን ለመቀየር «ሥራስ ጀመርክ?» አልነው። «አዎ፣ አንድ የመከላከያ ፋብሪካ በር ላይ፣ ሽሚራ» አለን። እማማ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። እኛም ደስ ያለን መስለን ሥራችንን ቀጠልን።

ጥበቃ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ብዙ አባቶቻችን ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሥራ ነው። ያሳዘነን ሌላ ነገር ነው። ይህ ልጅ ያቺን ፋሻ በእጁ ያውቃታል። በጨለማ እንዴት እንደምትከፈት፣ እጅ ደም ሲሆን የቱ ጋ እንደምታዳልጥ ያውቃል። ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ እውቀት ይፈለጋል። እሱ ግን በር ላይ ቆሞ የሌላውን ሰው መታወቂያ ያያል። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ በር ነው።

ፋሻዋ ከየት መጣች?

የፋሻዋ ታሪክ ከዚህችው ከተማችን ይነሳል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ከአሜሪካ ዓሊያ ያደረገው ቤርናርድ ባር ናታን በ1980ዎቹ በጻሃል የሕክምና ወታደርነት ሲሠለጥን የተሰጠው ፋሻ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወዲህ ብዙም ያልተለወጠ ነበር። ደም እንዲቆም ቁስሉን መጫን ሲያስፈልግ ምክሩ ከመሬት ድንጋይ አንስቶ ከፋሻው ጋር ማሰር ነበር። ባር ናታን ይህ አልተዋጠለትም። የምትለጠጥ፣ ቁስሉን የምትጫን የፕላስቲክ መያዣ ያላት፣ ያለ ድንጋይና ያለ ረዳት የምትታሰር ፋሻ አሰበ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ኢየሩሳሌም በሃር ሖጽቪም፣ አዳዲስ ኩባንያዎች በሚታገዙበት ማዕከል ገብቶ ሐሳቡን አሳደገው።

ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች መካከል በቦስኒያ ሰላም ያስከብር የነበረው የኔቶ ኃይል ይገኝበታል። በኋላም የአሜሪካ ጦር በኢራቅና በአፍጋኒስታን ተጠቀመባት። «የእስራኤል ፋሻ» የሚለውን ስም ያወጡላት የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው። ፋሻዋ ትሰፋ የነበረው በገሊላ ባለችው የበደዊን መንደር፣ በቱባ ዛንጋሪያ ነው።

ይህን ታሪክ ልብ በሉልን። ችግሩን ያየው ሖቬሽ ነበር። ከእኛ ታካሚ የልጅ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ሠርቷል። ልዩነቱ ያየውን ችግር ይዞ የሚገባበት በር ማግኘቱ ነው። በዚያ በር የገባው ሐሳብ ደግሞ በሌላ ጫፍ ለአንዲት የገሊላ መንደር እንጀራ ሆነ።

ኔቶ ከፋብሪካ ጋር እንዴት ይሠራል?

ኔቶ የሚባለው በ1949 የተመሠረተው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ነው። ዛሬ 32 አባል አገሮች አሉት። እስራኤል አባል አይደለችም፤ ነገር ግን በ1994 በተጀመረው «የሜዲትራኒያን ውይይት» በሚባለው መድረክ አማካይነት ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት አላት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። የኔቶም ሐሳብ ይኸው ነው። ድሩ እንዲያብር ግን ክሮቹ መገጣጠም አለባቸው። የአንዱ አገር ጥይት በሌላው ጠመንጃ ካልገባ፣ የአንዱ ራዲዮ ከሌላው ጋር ካልተነጋገረ ቃል ኪዳኑ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጦሩና ፋብሪካው አብረው ቁጭ ብለው መምከር ነበረባቸው። በ1968 የኔቶ የኢንዱስትሪ አማካሪ ቡድን ተቋቋመ። የየአገሩ ፋብሪካ ሰዎች ጦሩ ምን እንደሚያስፈልገውና ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያጠኑበት ነው። በ2021 ደግሞ መሪዎቹ ትናንሽ ኩባንያዎችንና ተመራማሪዎችን የሚያግዝ «ዲያና» የተባለ ተቋም እንዲኖር ተስማሙ። ከጎኑም አንድ ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ የፈጠራ ፈንድ አቆሙ።

ለአንድ ዕቃም የጋራ ቁጥር ይሰጣሉ። ያቺ ፋሻ በዓለም ገበያ 6510-01-492-2275 በሚል ቁጥር ትታወቃለች። 13 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ዕቃው የቁስል ማሸጊያ መሆኑን፣ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ደግሞ ቁጥሩን የሰጠው አገር አሜሪካ መሆኑን ይናገራሉ። አንድ የመጋዘን ኃላፊ በቤልጅየምም ይሁን በካናዳ ቁጥሩን አይቶ ዕቃውን ያውቀዋል። ይህን የቁጥር ሥርዓት እስራኤልን ጨምሮ አባል ያልሆኑ በርካታ አገሮችም ይጠቀሙበታል። ዕቃው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይገዛም፤ ተፈትኖ፣ ተመዝግቦ፣ ቁጥር አግኝቶ ነው የሚገዛው። ይህን ነገር በኋላ እንመለስበታለን፤ ለልጆቻችንም ያገለግላልና።

ገንዘቡም እየጨመረ ነው። በሰኔ 2025 ዘ ሄግ ላይ የተሰበሰቡት የኔቶ መሪዎች እስከ 2035 ድረስ ከአገራዊ ምርታቸው 5 በመቶ የሚሆነውን ለመከላከያና ለጸጥታ ለማዋል ተስማምተዋል። 3.5 በመቶው በቀጥታ ለጦሩ ነው፤ 1.5 በመቶው ለመንገድና ለድልድይ፣ ለኮምፒውተር መረብ ጥበቃና ለመሳሰለው ነው። ይህ ገንዘብ በመጨረሻ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ፋብሪካም ሠራተኛ ይፈልጋል።

ለእኛ አገር ምን አመጣ?

በ2022 ጀርመን የአውሮፓን ሰማይ በጋራ ለመጠበቅ የሚያስችል እቅድ አቀረበች። በመስከረም 2023 ደግሞ ሔጽ 3 የተባለውን የሚሳይል መከላከያ ለመግዛት ከእስራኤል ጋር ተፈራረመች። ዋጋው ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የመከላከያ ሽያጭ ማለት ነው። ሔጽ 3ን የሠራው ታዓሲያ አቪሪት ከአሜሪካው ቦይንግ ጋር ነው። አሜሪካ በልማቱ ድርሻ ስላላት ሽያጩ የእርሷን ፈቃድም ጠይቋል። በዚያው ዓመት የኔቶ አዲስ አባል የሆነችው ፊንላንድ ቀላዕ ዳዊድን፣ ማለትም የዳዊት ወንጭፍን፣ በ316 ሚሊዮን ዩሮ ገዛች። ይህኛው የራፋኤልና የአሜሪካው ሬይቴዎን የጋራ ሥራ ነው።

በ2024 የእስራኤል የመከላከያ ሽያጭ ወደ 14.8 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ከዚህም 54 በመቶው የሄደው ወደ አውሮፓ ነው። ሦስቱ ትላልቅ ድርጅቶች፣ ታዓሲያ አቪሪት፣ ራፋኤልና ኤልቢት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያሠራሉ። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ታዓሲያ አቪሪትና ራፋኤል፣ የመንግሥት ኩባንያዎች ናቸው። ይህንንም አትርሱብን።

ነገር ግን በውጭ የመጣ ትዕዛዝ ሁሉ እዚህ ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። ገዢው አገር «ገንዘቤን ስከፍል የእኔም ልጅ ይሥራበት» ይላል። ስፓይክ የተባለው የራፋኤል ሚሳይል ለአውሮፓ ጦሮች የሚቀርበው ራፋኤል ከሁለት የጀርመን ኩባንያዎች ጋር ባቆመው የጋራ ድርጅት በኩል ነው፤ ምርቱም በጀርመን ነው። ለኪፓት ባርዜል የሚሆኑ ሚሳይሎችም በአሜሪካ አርካንሳስ እንዲመረቱ ፋብሪካ ታቅዶላቸዋል። ወደ ውጭ በቀላሉ የሚሄደው የመገጣጠም ሥራ ነው። ንድፉ፣ ሙከራውና የጥራት ቁጥጥሩ በአብዛኛው እዚህ ይቀራል። እንግዲህ ልጃችንን ለየትኛው ሥራ እንደምናዘጋጀው ከወዲሁ ማሰብ አለብን።

ብረት ለእኛ እንግዳ አይደለም

አባቶቻችን በጎንደርና በሰሜን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ፣ ጦርና ቢላዋ ሠርተዋል። እናቶቻችን ሸክላ ሠርተዋል። ርስት በተከለከሉበት አገር የኖሩት በእጃቸው ሙያ ነው። ማረሻውን የገዛው ጎረቤት ግን ዞር ሲል «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ሥራቸው ይፈለግ ነበር፤ እነርሱ ግን አልተከበሩም። ይህን እኛ ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ቁስላቸውን ስናጥብ እናንተ አያቶቻችን የነገራችሁን ነው።

ሽማግሌዎቻችን የዳግማዊ ቴዎድሮስን የጋፋት ታሪክ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ንጉሡ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ደብረ ታቦር አጠገብ ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። መድፍ ከውጭ ገዝቶ መምጣቱ ብቻ አልበቃቸውም፤ ጥበቡ በአገሩ ሰው እጅ እንዲገባ ፈለጉ። መድፉ መቅደላ ቀረ። ጥበቡ በብዙ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ከመድፉ ይልቅ ዕድሜ ይኖረው ነበር ብለን እናስባለን።

ዛሬም ጥያቄው ያው ነው። ልጆቻችን ጻሃል ውስጥ መሣሪያውን ይይዙታል፣ ይጠግኑታል፣ በእርሱ ይድናሉ፣ በእርሱ አጠገብ ይሞታሉ። ወታደራዊ ግዴታን በመወጣት ማኅበረሰባችንን የሚወቅስ የለም። ታዲያ ያገለገሉበትን መሣሪያ ከሚያስቡትና ከሚፈትኑት ሰዎች መካከል ለምን እናገኛቸዋለን ስንል ጥቂት ሆኑብን? ወደ ክሊኒካችን ከሚመጡት ቤተሰቦች ስንሰማ «ፋብሪካ ገባ» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የገባው በጥበቃ፣ በጽዳት ወይም በመጋዘን ነው። መሐንዲስ የሆኑም አሉ፤ እንኮራባቸዋለን። በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ግን ልባችንን ይበላናል።

ይህን የምንለው ከራሳችንም ተነስተን ነው። ሃዳሳ በ1918 የነርሶች ትምህርት ቤት የከፈተው በዚሁ በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ፣ በነቢያት ጎዳና ነው። እኛ ግን ነርስ መሆን እንፈልጋለን ስንል «ሜታፔሌት ብትሆኑ ይበቃችኋል፤ ሒሳቡና ኬሚስትሪው ይከብዳችኋል» ያሉን አማካሪዎች ነበሩ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ያዘኑልን መስሏቸው ነበር። ወላጆቻችን ቋንቋው ሳይገባቸው «ልጄ የፈለገችውን ትማር» ብለው ስለ ፈረሙልን እዚህ ደረስን። አንዲት ፊርማ ናት። በዚያ ቀን ፊርማው ሌላ ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍን።

ሁለት ስጋቶች

አንዳንድ እናቶች «ልጄ ከጦሩ በሰላም ወጥቶልኝ፣ ደግሞ መሣሪያ ሊሠራ?» ይሉናል። እኛ ቁስል የምናይ ሰዎች ነን፤ ይህን ጥያቄ አናቃልለውም። ሚሳይል በሰማይ የሚያከሽፍ መሣሪያ አለ፤ ሰው የሚገድል መሣሪያም አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ግቢ ይወጣሉ። ልጁ በየትኛው ላይ እንደሚሠራ የመጠየቅና የመምረጥ መብት ሊኖረው ይገባል። የሚመርጠው ግን ሙያ ያለው ሰው ነው። በር ላይ የቆመ ሰው በግቢው ውስጥ ስለሚሠራው ነገር የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው ስጋት ሥራው ይዘልቃል ወይ የሚለው ነው። የመከላከያ ሥራ እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል። ታዓሲያ አቪሪት ይሠራው የነበረውን ላቪ የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን መንግሥት በነሐሴ 1987 በ12 ለ11 ድምፅ ሲሰርዘው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል። ፖለቲካም ይገባበታል፤ ስፔን በ2025 የስፓይክ ሚሳይሎችን ለመግዛት የነበራትን ውል በጋዛው ጦርነት ምክንያት ሰርዛለች። ከላቪ የወጡ ብዙ መሐንዲሶች በሌላ የቴክኖሎጂ ሥራ እንጀራቸውን አግኝተዋል፤ ሙያቸው ከአውሮፕላኑ ጋር አልተሰረዘም። የአንድ ኩባንያ አንድ ማሽን ላይ ብቻ የሠለጠነ ሰው ግን ያን ያህል ዕድል የለውም። ስለዚህ ልጆቻችን ሆስፒታልም፣ የመኪና ኢንዱስትሪም፣ መከላከያም የሚፈልገውን ሙያ ይያዙ እንላለን፦ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሶፍትዌር፣ የማሽን ሥራ፣ የጥራት ቁጥጥር። እኛ ክሊኒክ ውስጥ የምንጠቀምበትን መሣሪያ የሚጠግነው ሰው ነገ ራዳር ሊጠግን ይችላል፤ የራዳሩም ሰው እንዲሁ ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። እኛ የምናውቀውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በፋብሪካው አይደለም፤ ልጁ 14 እና 15 ዓመት ሲሆነው በትምህርት ቤት ነው። የባግሩት ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይወሰዳል። ባለ 3 የሒዶት ሒሳብ ይዞ ወደ ምሕንድስና መግባት በጣም ከባድ ነው። ባለ 5 ሲሆን ግን በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤቱ ላይ 35 ነጥብ ይጨመርለታል። አስተማሪው «ልጅህን ዝቅ ወዳለው ክፍል እናውርደው፤ እንዳይጨነቅ» ካለ ቶሎ አትፈርሙ። «ምን ዓይነት እገዛ ቢሰጠው ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ታላቅ እህቱን ወይም ወንድሙን ይዛችሁ ሂዱ። ለክትባት ቀጠሮ እንደማትቀሩ ሁሉ ለዚህም ስብሰባ አትቅሩ።

ሁለተኛ፣ ከጦሩ በፊት ያሉትን መንገዶች እወቁ። አቱዳ የሚባለው ልጁ መጀመሪያ ዲግሪውን ተምሮ ከዚያ በሙያው የሚያገለግልበት ነው። ሃንደሳይ የሚባለው ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል የሚወስድ የተግባር መሐንዲስነት ትምህርት ነው። ዲግሪ አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ሥራው ጠረጴዛ የሚያስገባ ወረቀት ነው። ኮሌጁ የሚሰጠው የሃንደሳይ ትምህርት በሥራ ሚኒስቴር ሥር ባለው በማሃት የታወቀ መሆኑን አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ከጦሩ የወጣ ልጅ ፒቃዶን አለው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለትምህርትና ለሙያ ሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለቤትና ንግድ ለመጀመር ሊያውለው ይችላል። ለጉዞና ለመኪና ብለው አምስቱን ዓመት የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ጉዞ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ገንዘቡን ከመንካቱ በፊት አብራችሁት ቁጭ በሉ።

አራተኛ፣ መብታችሁን እወቁ። በ2011 የወጣው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ የመጡ ወይም ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በኢትዮጵያ የተወለደ ዜጎችን በተገቢ ቁጥር እንዲያሠሩ ይጠይቃል። ሁለቱ ትላልቅ የመከላከያ ድርጅቶች የመንግሥት ናቸው ያልናችሁ ለዚህ ነው። ሕጉ ስለ ሁሉም ደረጃና ሙያ ነው የሚናገረው፤ በጥበቃና በጽዳት ቁጥሩን ሞልቶ «ግዴታችንን ተወጣን» ማለት የሕጉ መንፈስ አይደለም። ልጁ ማመልከቻ ሲያስገባ ይህን ከመጠቆም አይፈር። ምጽዋት አይደለም የሚጠይቀው።

አምስተኛ፣ በዚህ ገጽ ደጋግሞ መነገር ያለበት የማታለል ጉዳይ ነው። ሥራው ሲሞቅ ኮርስ ሻጩም ይበዛል። አንዲት የ70 ዓመት ታካሚያችን «የልጅ ልጅሽ በመከላከያ ኢንዱስትሪ ሥራው የተረጋገጠ ነው» በሚል የስልክ ወሬ በሺዎች የሚቆጠር ሰቅል በታሽሉሚም ፈርመው ነበር። ኮርሱ ካለቀ በኋላ ልጁ ያገኘው አንዲት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ሥራ አላገኘም። ፋሻዋ ቁጥር ሳታገኝ እንደማትሸጥ ነግረናችኋል፤ ያልታወቀ የምስክር ወረቀትም ቁጥር እንደሌላት ፋሻ ነው። ሥራ አረጋግጥልሃለሁ የሚል ኮርስ ሻጭ አትመኑ። መከላከያ ውስጥ ለመግባት የጸጥታ ማጣሪያ አለ፤ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ውጤቱን ማንም ኮርስ ሻጭ ቃል ሊገባ አይችልም።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባን ውል ሕጉ በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። የፈረመው ሰው ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከመጣ አምስት ዓመት ያልሞላው ዓሊያ ከሆነ፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ከሆነ፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ የተፈረመ ውል እስከ አራት ወር ድረስ ሊሰረዝ ይችላል። የመሰረዣው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሰቅል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም፤ አገልግሎቱ ተጀምሮ ከሆነ ግን የተሰጠው ያህል ይከፈላል። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂውን አስቀምጡ። እኒያ እናት ይህን ያወቁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው ዛሬ የምንጽፈው።

በመጨረሻም፣ ልጁ ሥራ ሲያገኝ ትሉሹን ተመልከቱ። «የት ትሠራለህ?» ሲባል የትልቁን ፋብሪካ ስም ይጠራል፤ ትሉሹ ላይ ግን የተጻፈው የሌላ ተቋራጭ ስም ሊሆን ይችላል። በጡረታው፣ በእድገቱና በሥልጠናው ላይ ትልቅ ለውጥ አለው። «አሠሪህ ማን ነው? ከዚህ ቦታ ወደ ሌላ ክፍል መወዳደር ትችላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በጥበቃ መጀመር ይቻላል፤ በጥበቃ ብቻ እንዲቀር ግን አንፈልግም።

ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት አያቱን ይዞ ተመለሰ። ቁስሉ እየዳነ ነው። ስለ ባር ናታን ነገርነው፤ ሖቬሽ እንደነበረ አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማንና «ይቺን ፋሻ ቢያስተካክሉልን የምላቸው አንድ ነገር አለ» አለ። ምን እንደሆነ በእጁ እያሳየ አስረዳን። እውነቱን ነበር፤ እኛም በሥራችን ያስቸገረን ነገር ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠነውና «ጻፈው» አልነው። በክሊኒኩ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እማማ ፋሻቸው እስኪታሰር ድረስ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ሲወጡ «የሃንደሳይ ምዝገባ መቼ ነው የሚዘጋው?» ብሎ ጠየቀን። አብረን ስልክ ደወልን።

እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አላችሁ። በሩን በሌላ ሰው እስኪከፈትለት አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና ምን እንደሚያውቅ ጠይቁት።